የፊልም ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ተመልካች የሸለመውና ዳኞች የሸለሙት

በመምህራን ማረፊያ «የእናንተ ክበብ ሥራው ፊልም ማየት ብቻ ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አዎ፣ ፊልም እናያለን። ዘንድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ የተከራከርነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፦ የሰውን ሐሳብ የሚለውጠው አዳራሽ የሚሞላው የገበያ ፊልም ነው ወይስ ልጆቹ «ቀርፋፋ» የሚሉት፣ በየፌስቲቫሉ የሚታየው የጥበብ ፊልም?

መደበኛው ሥራ እንደ ወትሮው ሄዷል። አባላት መዝግበናል፤ ሥራ አስፈጻሚ መርጠናል፤ ዓርብ ዓርብ ተሰብስበናል፤ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በሚኒ ሚዲያ አማካይነት ማስታወቂያ አስነግረናል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባሎቻችን ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ለፈተና ዝግጅት ተለይተውናል።

ለክርክሩ ሁለት የአገራችንን ፊልሞች መረጥን። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው፣ ስለተጠለፈች ልጅና ስለተከራከረችላት ጠበቃ የሚተርከው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት የወሰደው፣ ውጭ ተምሮ በደርግ ዘመን ስለተመለሰ ምሁር የሚተርከው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። «ድፍረት» በቀልድና በፍቅር ከሚሸጡት ፊልሞች ጋር እንደማይመደብ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ታሪኩን ቀጥ አድርጎ ስለሚነግርና ልብ ስለሚያንጠለጥል ለንጽጽር ይመቻል። እያንዳንዱ ተማሪ ከፊልሙ በፊት ስለ ጉዳዩ የሚያስበውን በወረቀት ይጽፋል፤ ካየ በኋላ ከሥሩ ይጨምራል።

«ድፍረት» የታየ ዕለት መቆሚያ አልነበረም። ጠላፊው ሲመጣ ጮኹ፤ ጠበቃዋ ስትከራከር አጨበጨቡ። ወረቀቱን ስሰበስብ ግን የላዩና የታቹ አንድ ሆነብኝ። ድሮውንም ጠለፋን ደግፎ የገባ አልነበረማ! አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ ያጨበጨብነው እኮ ለራሳችን ነው» አለችኝ። ጥቂት ወረቀቶች ብቻ ተለውጠዋል። «ማንኛውም ጠብ በሽማግሌ ቢያልቅ ይሻላል» ብለው የጻፉ ልጆች፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በልጅቷ ጉዳይ ሲፈርዱ ካዩ በኋላ «የሴት ልጅ በደል ግን ወደ ፍርድ ቤት» ብለው ጨምረዋል። የሥነ ዜጋ መምህራችን በቀድሞው ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክስ ይቀርለት እንደነበር፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻው ከተጠያቂነት እንደማያድነውና ቅጣቱም ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት እንደሆነ ሲያስረዱ፣ ልጆቹ ከፊልሙ ይልቅ የደነገጡት በዚህ ነው።

«ጤዛ» ሲታይ ገና ሳይጋመስ ግማሹ ተመልካች ወጣ። ታሪኩ በጀርመንና በጎንደር፣ በትናንትና በዛሬ መካከል ይመላለሳል፤ ርዝመቱም ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። በዚያ ላይ መብራት ጠፋና የቀረውን በሳምንቱ ጨረስነው። የክበቡ ቀልደኛ የሆነ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ከፊልሙ በፊት «የዚያ ዘመን ወጣቶች በከንቱ ተላለቁ፤ እኛ ግን ነቅተናል» ብሎ ጽፎ ነበር። ካየ በኋላ ምንም አልጨመረም።

ከዚያም በ2002 ዓ.ም. ወደተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄድን። የመኪና በጀት ስላልተገኘ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ በለገሐርና በስታዲየም በኩል እስከ መስቀል አደባባይ በእግር ወረድን። ያ ልጅ መንገዱን ሁሉ ሲያስቀን ነበር። የሟቾቹ ፎቶግራፎች ከተሰቀሉበት ግድግዳ ፊት ሲደርስ ግን ቆመ። የትምህርት ቤት ልጅ የሚመስለውን እየፈለገ አንድ በአንድ በጣቱ አመለከተኝ፤ «ይሄ እኩያዬ ነው፤ ይቺም» እያለ። ጓደኞቹ ሲጠሩት አልሰማም። በማግሥቱ ቢሮዬ መጥቶ ወረቀቱን እንድመልስለት ጠየቀኝ። «ነቅተናል» የሚለውን ሰርዞ «አያቴን ጠይቄ እመለሳለሁ» ብሎ ጻፈ። ተመልሷልም። ስለዚያ ጊዜ ሲነሣ «ተወው» የሚሉት አያቱ ያጫወቱትን፣ በእርሳቸው ፈቃድ፣ ለክበቡ አንብቦልናል። ሃያ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎች ሳይታዘዙ እንዲያ ጸጥ ሲሉ አይቼ አላውቅም።

የእኔ ፍርድ ለቀርፋፋው ያደላል። የገበያው ፊልም የሚያምኑትን አጽንቶላቸው ይሸኛቸዋል፤ ሌላው ያልመለሰላቸውን ጥያቄ ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ያደርጋቸዋል። ይሁንና በ«ድፍረት» ባይሳቡ ኖሮ ለ«ጤዛ» የሚቀመጥ ባልተገኘ ነበር፤ ስለዚህ ለከርሞም ሁለቱንም እናሳያለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፕሮጀክተር የምንለምነው ከአይሲቲ ክፍል ነው፤ ሲፈቀድልን። ለስፖርት ክበብ በየዓመቱ ኳስና ማሊያ ሲገዛ እንደምንመለከት ይታወቅልን። ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ያቀረብነው ጥያቄ የራሳችን ፕሮጀክተር፣ የማይንጫጫ ድምፅ ማጉያና ለአዳራሹ መስኮቶች ጥቁር መጋረጃ ነው። ኃይሌ ገሪማ ለ«ጤዛ» ገንዘብ ሲያፈላልግ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ለመጋረጃ ያን ያህል መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። ጨርቅ መለገስ ወይም መስፋት የምትችሉ ወላጆች ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው ቢሮ ታገኙኛላችሁ፤ የመስኮቶቹን ልኬት የክበቡ ጸሐፊ ወስዳለች።