ከላንጋኖዋ ጭልፊት ወዲህ ላልጻፍኩልህ ወዳጄ

ቢሾፍቱ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜና የመስክ ባልደረባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህ ሁሉ ደኅና እንደሆነ፣ የድሬዳዋም ሙቀት እንዳልበረታብህ ተስፋ አደርጋለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስድስት ዓመት ሞላው። ያልመለስኩልህ ሥራ በዝቶብኝ ወይም አድራሻህ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነበር። የቅያሜዬም ምክንያት፣ አሁን ስጽፈው የሚያሳፍረኝ ቢሆንም፣ አንዲት ጭልፊት ናት።

ታስታውስ እንደሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካለው ገደል በላይ ወደ ሰሜን ስታልፍ ያየናትን ያቺን ጥቁር ጭልፊት፣ እኔ «ጥላሸቴ» የምንላት የጭልፊት ዓይነት ናት ብዬ በማስታወሻዬ ላይ በቀለም መዝግቤያት ነበር። አንተ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ በላክኸው ደብዳቤ «ኤሌኖራ የምትባለዋ ሌላዋ ጥቁር ጭልፊትም ልትሆን ትችላለችና ስሟን በእርሳስ ጻፈው» አልከኝ። ያናደደኝ ጥርጣሬህ አልነበረም፤ «በእርሳስ» የምትለዋ ቃል ናት። ሃያ ዓመት ወፍ ሲያይ የኖረ ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ ላጲስ ይዞ እንዲሄድ የተመከረ መሰለኝና ዝም አልኩህ፤ ዝምታውም ውሎ ሲያድር ለመስበር የሚከብድ ነገር ሆነ።

ዘንድሮ ግንቦት 3 ቀን ከዚያው ገደል ሥር ተቀምጬ ሳለ አንዲት ጥቁር ጭልፊት ከሻላ በኩል መጣች። እንደ ያኔዋ በአንድ አፍታ አላለፈችም፤ ከውሃው በላይ የሚበሩ ነፍሳትን በእግሯ እየቀለበች፣ እዚያው አየር ላይ እየበላች ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች፤ በመጨረሻም በአንድ የደረቀ ግራር ላይ አረፈች። የከሰዓት በኋላው ብርሃን ከበስተጀርባዬ ስለነበር ሁሉን ነገር አሳየኝ፦ መላ አካሏ አመድማ፣ የክንፏም ሥር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም፣ ስታርፍ ደግሞ የታጠፈው ክንፏ ጫፍ ከጅራቷ ጫፍ ዘልቆ ይታይ ነበር። ትክክለኛዋ ጥላሸቴ ይህች ናት። ማታ ቤቴ ገብቼ የ2011ዱን ማስታወሻ ስከፍት፣ በገዛ እጄ የሳልኩት ንድፍ የክንፉን ሥር ከፊት ጥቁር፣ ከኋላ ፈዘዝ ያለ አድርጎ፣ ጅራቱንም አስረዝሞ ያሳያል። ይህ ደግሞ የኤሌኖራ መልክ ነው። የራሴ ንድፍ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲመሰክርብኝ ኖሯል። ስሙ በቀለም የተጻፈ በመሆኑ ላጥፋው ብልም ስላልጠፋልኝ ሰረዝኩትና ከጎኑ ያንተን ቃል በእርሳስ ጻፍኩት። ይቅርታህን እለምናለሁ።

ይህ ሁሉ ክርክር የተነሣው ሁለቱም ጭልፊቶች በአገራችን ሰማይ የሚያልፉት ሌላው ስደተኛ ወፍ አብዛኛው ሄዶ ባለቀበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ሁለቱም ከማዳጋስካር ነው የሚመለሱት። ጥላሸቴ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ ደሴቶችና በረሃዎች ትሄዳለች፤ ከመካከላቸውም በዳህላክ ደሴቶች የሚፈለፍሉ አሉ። ኤሌኖራ የምትሄደው ወደ ሜዲትራኒያን ገደሎች ነው፤ ስሟንም ያገኘችው በ14ኛው መቶ ዘመን ሰርዲኒያ ውስጥ ጭልፊቶች እንዳይነኩ በሕግ ከደነገገች ገዥ ነው። ሁለቱም ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአውሮፓ በጋ መጨረሻ፣ ትንንሾቹ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ መውረድ ሲጀምሩ፣ እነርሱን እያደኑ በመመገብ ነው። ሌላው ወፍ ቶሎ ደርሶ ጎጆ ለመያዝ ሲጣደፍ እነርሱ የሚያጣድፋቸው ነገር የለም፤ ግንቦት ላይ ተረጋግተው ሲያልፉ የምናገኛቸውም ለዚህ ይመስለኛል። (እኛ በአማርኛ «ጭልፊት» በምትለው አንዲት ቃል ስንቱን እንደምናሸክማት አስበህ ታውቃለህ? «ጥላሸቴ»ን ያወጣነው አንተና እኔ ነን፤ ሌላ ሰው ቢሰማን ድመት የምንጠራ ይመስለዋል።)

ከላንጋኖ በፊት ከሚያዝያ 18 እስከ 20 አዋሽ ነበርኩ። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ሣሩ አቆጥቁጦ፣ ፌንጣውም በየእርምጃው ይዘል ነበር። በዚያ የግራር ቁጥቋጦ ውስጥ በአንድ ማለዳ ብቻ ሠላሳ አራት ጀርባ ቀዮች ቆጠርኩ፤ ያደኑትን ፌንጣ እሾህ ላይ የሚሰኩት፣ ወንዱ ግራጫ ራስና ዓይኑን የሚጋርድ ጥቁር ጭምብል ያለው፣ አንተ «ሽፍታዎቹ» የምትላቸው ናቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ እጅግም ወፍረዋል። እነዚህ ወፎች ስለ እኛ በልግ የነገሩን ነገር ያንተን ዕውቀት እንደሚያልፍ ባላምንም፣ ያኔ አብረን ሳለን አንሥተነው ስለማናውቅ ልጻፍልህ።

ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ተመራማሪዎች አንድ ግራም ገደማ የሚመዝን መሣሪያ በጀርባ ቀዮችና በሌላ ዓይነት የሌሊት ዘማሪ ወፎች ጀርባ ላይ አስረው መንገዳቸውን ተከታተሉ። መሣሪያው የብርሃንን መጠን ይመዘግባል፤ ከዚያም ከሚታወቀው የንጋትና የምሽት ሰዓት ወፉ የት እንደነበረ ይሰላል። እንዲህ ተደርጎ የታየው፣ ወፎቹ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሲወርዱ በምዕራብ በኩል በሱዳን አድርገው፣ ሲመለሱ ግን ወደ ምሥራቅ ዞረው በአፍሪካ ቀንድ እንደሚያልፉ፣ በዚህም ባሕርና በረሃ ከመሻገራቸው በፊት የመጨረሻውን ስንቅ እንደሚይዙ ነው። በ2003 ዓ.ም. የበልግ ጉዞ ግን፣ ያ ክፉ ድርቅ አካባቢያችንን በመታበት ዓመት፣ ለጉዞው የሚበቃ ስብ ለማጠራቀም ከሌላው ዓመት ይልቅ እዚህ ብዙ ቀን ቆዩ፤ ሰሜን አውሮፓም ዘግይተው ደረሱ። በዚያ ዓመት አንድ የዴንማርክ ገበሬ ወፎቹ ለምን እንደዘገዩ ቢጠይቅ መልሱ ያለው አዋሽና ኦጋዴን ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ በሚያዝያ መጨረሻ ቁጥቋጦ ውስጥ የማየው ወፍ መንገደኛ ብቻ አይመስለኝም፤ ስንቁን ቋጥሮ ይሁን ሳይቋጥር ይሄድ እንደሆነ ሆዱንና ደረቱን መመልከት ልማድ ሆኖብኛል።

ሚያዝያ 25 ቀን ዝዋይ ደረስኩ። ከደለሉ በላይ በመቶ የሚቆጠሩ ክንፈ ነጮች የምንላቸው የውሃ ወፎች ይንሳፈፉ ነበር። በኅዳር የምናውቃቸው ፈዛዛ ግራጫ ወፎች አይደሉም፤ አካላቸው ከሰል፣ ክንፋቸውና ጅራታቸው በረዶ የመሰለ፣ የሠርግ ልብሳቸውን ለብሰው የሚሄዱ ናቸው። በማግስቱ አብጃታ ወረድኩ። ሐይቁ ከምታስታውሰው በላይ ሸሽቷል፤ ውሃውን የሚያመጡለት ወንዞች ለመስኖ ስለሚጠለፉ ዳርቻው በየጊዜው ወደ ውስጥ እየገባ፣ አሁን እግር የሚይዘውን ነጭ የሶዳ ጭቃ ረጅም መንገድ ሳያቋርጡ ወፍ ማየት አይቻልም። የተጠማዘዘ ምንቃር ያላቸውን እነዚያን ትንንሽ የውሃ ዳር ወፎች ግን አገኘኋቸው፤ መቶ አርባ ነበሩ፤ ከግማሽ በላዩ ደረቱ እንደ ሸክላ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ጭቃ ተነሥተው የሚሄዱት እስከ ሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ከሌላው የውሃ ዳር ወፍ ዓይነት ደግሞ፣ አንገታቸውን በላባ የሚያስጌጡት ትላልቆቹ ወንዶች ቀድመው ስለሚሄዱ በዚያ ቀን ያየሁት ሴቶቹን ብቻ ነው። ፍላሚንጎዎቹ ጥቂት ነበሩ።

ንስሮችና ሽመላዎች በዚህ ሰዓት ሄደው አልቀዋል። በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ መንገድ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ፣ 37 ዓይነት የሚሆኑ፣ በሞቃት አየር እየተንሳፈፉ የሚጓዙ ትላልቅ ወፎች ያልፋሉ ስለሚባል ሰው ሁሉ እነርሱን ይጠብቃል፤ እነርሱ ግን የሰፊ ባሕር አየር ስለማይሸከማቸው አብዛኞቹ በጊዜ ተነሥተው በሲና በኩል ይዞራሉ። ጭልፊት ክንፏን እየመታች ባሕሩን ታቋርጠዋለች። በግንቦት ላንጋኖ ላይ ከእነዚያ ይልቅ ወደ እኛ የሚመጡትን አየሁ፦ ከደቡብ የዝናቡን ዳር ተከትለው ለመፈልፈል የሚመጡ፣ ሆዳቸው ነጭ፣ ጉልበታቸው ቀላ ያለ ትንንሽ ሽመላዎች፣ አሥራ ሁለት ሆነው በአንድ የታረሰ ማሳ ላይ ወርደው ነበር። ሌላው ሲወጣ እነርሱ ይገባሉ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ማስታወሻዎቼን ሁሉ አውጥቼ በወር በወር ስለያቸው፣ የኅዳርና የጥር ገጾች ደብተሩን ሞልተውት፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በጥር ነው፤ አገር ጎብኚዎችም የሚመጡት በበጋ ነው፤ በበልግ መንገዱ ይጨቀያል፤ እኛም ከእነርሱ ጋር እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። በዚህም ምክንያት ጀርባ ቀዩ በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ፣ ደረቅ በልግ በሆነበት ዓመት ስንት ቀን እንደሚዘገይ ከራሳችን መዝገብ ልንናገር አንችልም። አንተ ግን ድሬዳዋ ነህ፤ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚሻገሩት በአናትህ ላይ ነው የሚያልፉት፤ ደግሞም ሰው በማይወጣበት ወር መውጣት የምትወድ ሰው ነበርክ።

እባክህ ከሚያዝያ 15 እስከ ግንቦት 30 የጻፍካቸውን ገጾች ሁሉ፣ የተጠራጠርካቸውንም ጭምር፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የእኔን አሥራ አንዱን ገጽ ከዚህ ጋር አባሪ አድርጌአለሁ፤ የላንጋኖዋ ጭልፊት በሦስተኛው ላይ ናት። ለመጪው ዓመት ደግሞ ፈቃድህ ከሆነ በተመሳሳይ ቀናት፣ ከሚያዝያ 18 እስከ ግንቦት 5፣ አንተ በዚያ እኔ በአዋሽና በላንጋኖ ማለዳ ማለዳ እንቁጠር። ሰዓቱን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ብናደርገው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ጀርባ ቀዮቹ ጥላ ውስጥ ይገባሉና። ያንተ አካባቢ ቀድሞ የሚሞቅ ከሆነ ግን ሰዓቱን አንተ ወስን።

አክባሪ ወንድምህ