እሱ እስኪደውልልህ አትጠብቅ

ወዳጄ፣ እንዴት ነህ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሐረር ዘንድሮ ብርዱ ከብዷል። ስንት ዓመት ኖሬበትም የድሬ ገላ አልለመደውም።

መጠፋፋታችን በዛ። የደብዳቤ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ፣ ይሄ ነገር ግን በስልክ ተነግሮ አያልቅም። "ጋሼ ተቀይሞኛል መሰለኝ፤ ስደውል እሺ እሺ ብቻ ነው የሚለው፣ እሱ ግን አይደውልም" ማለትህን ሰማሁ። አቦ፣ ወንድሜ አልተቀየመህም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ ይሞቀኛል ብሎ ክፍሉ አስገባና በር መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። ጠዋት በር ሰብረን ነው ያወጣነው። ከሰል ከቀላ በኋላ ጭስ ስለሌለው ሰው ይታለላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ግን ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። እናንተም ቤት ምድጃው ደጅ ይደር፣ አደራ።

ኦክስጅን ተሰጥቶት ነቃ። ያው ሹፌር አይደል፣ "ሞት ታሪፍ ሲያስወድድብኝ ወረድኩ" ብሎ ሆስፒታሉን አሳቀው። በግ አረድን። ተረፈ ብለን ተረጋጋን።

ከሳምንታት በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ደጅ ተቀምጦ ፀሐይዋ ስትከርርበት እንኳ አይነሳም። ሻዩ ፊቱ ይቀዘቅዛል፤ "ጠጣ" ስትለው ይጠጣል። ታጠብ ካልከው ይታጠባል፣ "በቃ" እስክትለው ድረስ ውኃው ሥር ይቆማል። በርጫ ላይ ሌላውን አፍ የሚያስይዝ የነበረው ሰው ቃል አይወጣውም። በድሬና በሐረር መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን መታጠፊያ አንድ በአንድ ብትጠይቀው ግን አይስትም። የድሮውን ታሪፍም ያውቃል። "ምን እያሰብክ ነው?" ስትለው "ምንም።" "ከፍቶሃል?" "አይ።" እናታችንን የጨረሳት ይሄ "ምንም" ነው።

ሰፈር ዝም አይልም። ዛር ያሉ ነበሩ። ሰነፈ፣ መጦር አማረው ያሉም አሉ፤ እነዚህን ነው ይቅር ያላልኳቸው። ጠበልም ሐኪምም ጋ ወሰድነው።

ኤምአርአይ ሲነሳ ከአንጎሉ መሃል፣ ጥልቀቱ ላይ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ነጠብጣቦች ታዩ። ቦታው ግሎበስ ፓሊደስ ይባላል። የከሰል ጋዝ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚመታው፤ ጉዳቱም እንዲህ ሰውየው ዳነ ከተባለ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው አንጎል አሳቡን ወደ ተግባር እንዲቀይር ከእነዚህ ጥልቅ ክፍሎች ጋር የሚመላለስበት መስመር አለ። መስመሩ ሲጎዳ ዕውቀቱም ጉልበቱም ይኖራል፤ በራስ መነሳት ግን ይጠፋል። ድብርት ያለበት ሰው ያዝናል። ጋሼ አያዝንም።

ቤት ስንገባ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ መኪና ብትሆን ምንህ ነው የተበላሸው?"

"ሞተሪኖው" አለኝ ወዲያው። "ሞተሩ ደህና ነው። ግፉኝ።"

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ማንበብ ሆኗል ሥራዬ። ዶሚኒክ ላፕላን የሚባል የፈረንሳይ የአንጎልና የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎችን መዝግቧል። አንዱን ለዚህ ያበቃው የተርብ ንድፊያ ነው፣ አስበው። የማሰብ ችሎታቸው ሲፈተን ደህና ነው፤ ካልተነገራቸው ግን ቁጭ እንዳሉ ይውላሉ፣ ጭንቅላቴ ባዶ ነው ይላሉ። ያለምክንያት በልቡ ቁጥር የሚቆጥርም ነበር።

ቦታው ትንሽ ፈንጠር ካለ ደግሞ የሚጠፋው ሌላ ነው። ተመራማሪዎች ኤስ ኤም ብለው የሚጠሯት አሜሪካዊት ፍርሃት የሚቀሰቅሰው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎሏ ክፍል በሁለቱም በኩል በበሽታ ጠፍቷል። እባብ እጠላለሁ እያለች፣ እንስሳት መሸጫ ሲወስዷት ግን እባቡን በእጇ ይዛ ታሻሸው ነበር። ሐረር ብትመጣ የጅብ አብሊዎቹን ሥራ ትቀማቸዋለች!

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ነው። ትጋት፣ ወኔ፣ ናፍቆት ብለን ሰውን የምናመሰግንበትና የምንወቅስበት ነገር፣ በሁለት ትናንሽ ነጠብጣብ ይቆማል። መቼም ነፍስ የለም ልልህ አይደለም። ግን አሁን ሰው "አልደወለልኝም" ሲል ስሰማ ቶሎ አልፈርድም።

ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያግዝ ኪኒን ተሰጥቶታል። ትንሽ ለውጥ አለ። በቀደም ማንም ሳያዘው ሬዲዮ ከፈተ፤ እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ቀስ በቀስ የሚሻላቸው አሉ፤ እኛም ጊዜ እየሰጠነው ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሐሙስ ከሰዓት ስልኩን እጁ ላይ አደርግለታለሁ። "እንዴት ነህ?" እንዳትለው፤ "ደህና" ይልህና እዚያው ያልቃል። ደንገጎ ላይ ፍሬን እምቢ ያለውን ቀን ንገረኝ በለው፣ አንተም ነበርክበት። ሲያቆምብህ "ከዚያስ?" በል። እንደገና ያቆማል፣ እንደገና "ከዚያስ?" በል። ሳትሰለች።

ለገናም ብትመጣ በባቡር እስከ ድሬ ድረስ፤ ከዚያ እኔ እቀበልሃለሁ።

ወንድምህ