ጭኔ ላይ ስላለው ቁስል

ልጄ፣

ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ» ያልኩሽ ውሸት ነው። ድምፄ ደስ ስላላለሽ ደግመሽ ስትጠይቂኝም ዋሸሁሽ። አሁን በደብዳቤ ልንገርሽ፤ በስልክ ከሆነ ሁለታችንም አልቅሰን ሳንነጋገር እንዘጋዋለን።

ግራ ጭኔ ላይ ቁስል ወጥቶብኛል። መጀመሪያ እንደ መረብ የተጠላለፈ ወይን ጠጅ ምልክት ብቻ ነበር። ሕመሙ ግን ሌላ ነው። ነጠላ ሲነካኝ እንኳ እሳት ይሆንብኛል። ጎረቤቶች «አልማዝ ባለጭራ ነው» አሉኝ፣ እኔም አምኜ ሁለት ሳምንት ቅጠል ስቀባ ከረምኩ። ይሄ ነው የሚቆጨኝ። ቆዳው ተከፍቶ ጥቁር ቅርፊት ያዘ።

ዶክተሩን የጠራችልኝ የዲያሊሲሷ (የኩላሊት እጥበቷ) ነርስ ናት። በሽታው ካልሲፊላክሲስ ይባላል። ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ የካልሲየሙም ሚዛን ይዛባል። ከዚያ ካልሲየሙ ከቆዳ ሥር ባሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚይዘውን ነጭ ነገር አስቢው። ሥሩ ይጠባል፣ ደም ይረጋበታል፣ ደም ያልደረሰው ቆዳ ይሞታል። ታዲያ ቅጠል ምን ሊያደርግ?

ለእግሬ የምውጠውን ዋርፋሪን በሌላ ቀየሩልኝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንዴት ይጎዳኛል ብዬ ጠይቄ ነበር። ለካስ ቫይታሚን ኬን ያግዳል። የደም ሥር እንዳይጋገር የሚከላከለው ፕሮቲን ደግሞ ያለዚያ ቫይታሚን አይሠራም። የካልሲየም ኪኒኑም ቀረ። አይብና ኮካም ፎስፈረስ ስላለባቸው እንደዚሁ።

ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል መድኃኒት አለ፤ በዲያሊሲሱ የመጨረሻ ሰዓት በደም ሥር ይሰጣል። የሚረዳቸው አሉ፣ የማይረዳቸውም አሉ። ቁስሉ ካመረቀዘና ወደ ደም ከገባ ይገድላል። ዶክተሩ ይህን አልሸሸገኝም፣ እኔም ካሁን በኋላ አልሸሽግሽም። ቁስሉ በየጊዜው ይታጠባል፣ ከዚያ በፊት የሕመም ማስታገሻ እወስዳለሁ። እሱ ባይኖር አልችለውም ነበር።

ፈተናሽን ትተሽ እንዳትመጪ፣ አደራ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ መሄድ ለጊዜው ቀርቷል፤ ጊዮርጊስን ከቤቴ ሆኜ እለምናለሁ። ስትመጪ ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ያዢልኝ፣ ጭኔን የማይነካ። ዓርብ ዲያሊሲስ ላይ ስለምውል ቅዳሜ ጠዋት ደውዪልኝ።

እናትሽ