ካርና ማን እንደሆነ ንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሁድ ከልጆቼ ጋር የህንድ ትርጉም ፊልም እያየን ነበር። አማትየዋ ምራቷን በቁጣ ስትናገር ከስር "ላክሽማን ሬካ" የሚለው ቃል ተሰማኝ። ተርጓሚው "ከቤት እንዳትወጪ" ብሎ አለፈው። ቅር አለኝ።

ቃሉ የላክሽማና መስመር ማለት ነው። ራማያና በተባለው የህንድ ጥንታዊ ተረክ ውስጥ ልዑሉ ራማ ወርቃማ አጋዘን ተከትሎ ጫካ ገባ። ወንድሙ ላክሽማናም ሊፈልገው ሲሄድ፣ የራማ ሚስት ሲታ ባለችበት ጎጆ ዙሪያ መሬት ላይ መስመር አሰመረ፤ "ከዚህ እንዳታልፊ" አላት። መስመሩን የጨመሩት የኋላ ዘመን ተራኪዎች ናቸው። ከዚያ የአጋንንት ንጉሡ ራቫና መናኝ መስሎ መጣ። ሲታ ምጽዋት ልትሰጠው መስመሩን ተሻገረች፣ ይዟት ሄደ። በሯ ላይ የቆመን መናኝ ባዶ እጁን መሸኘት የሚጨንቃት የኛ አገር እናት ይህን ታሪክ ብትሰማ ምን ያህል ይገባት ነበር!

"ካራን አርጁን"ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን ይህን ፊልም እኛ ቪዲዮ ቤት ተጨናንቀን ነው ያየነው። ስሞቹ ማሃባራታ ከተባለው ሌላው የህንድ ጥንታዊ ተረክ መምጣታቸውን፣ ካራን ማለትም ካርና መሆኑን የነገረን አልነበረም። ኩንቲ ሳታገባ ከፀሐይ አምላክ ካርናን ወለደች። ሐፍረቱን ፈርታ በቅርጫት አድርጋ ወንዝ ላይ ለቀቀችው። ሙሴን አስቡት። ልጁን ሠረገላ ነጂ አሳደገው። ካርናና አርጁና በተቃራኒ ወገን የተሰለፉበት ጦርነት ሊጀመር ሲል ኩንቲ መጥታ እናቱ መሆኗን፣ ጠላቱ አርጁናም ወንድሙ መሆኑን ነገረችው። ካርና አብሬው የተሰለፍኩትን ወዳጄን አልክድም አለ። ግን ከአርጁና በቀር ሌሎቹን ወንድሞቹን እንደማይገድል ቃል ገባላት። ከሁለታችን አንዳችን ብንሞትም አምስት ልጅ ይቀርልሻል አላት። በመጨረሻም የገደለው አርጁና ነው።

አሁን ፊልሙን ድጋሚ እዩት። እዚያ ካራንና አርጁን የሚዋደዱ ወንድማማቾች ናቸው። ሲገደሉ እናታቸው ካሊ የተባለችውን የሂንዱ አምላክ ለመነች፣ ልጆቿም ዳግም ተወልደው መጡላት። ኩንቲ ያጣችውን ይህች እናት አገኘች። ይህን ሳውቅ ነው ልቅሶዋ የገባኝ።

አንዳንድ ሰው ይህን መተረክ ባዕድ አምልኮ ማስተማር ይመስለዋል። እኔም ጿሚ ክርስቲያን ነኝ። ግን እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በህንድ ቴሌቪዥን የታየውን የማሃባራታ ድራማ የጻፈው ራሂ ማሱም ራዛ ሙስሊም ነበር። ታሪኩን የአገሩ ቅርስ አድርጎ ስላየው ጻፈው።

ተርጓሚዎቻችን እባካችሁ ስሙን አትዝለሉት። "ሲታ እንዳታልፈው የተሰመረላት መስመር" ቢባል ይበቃል። የናንተ የኪነ ጥበብ ገጽም ስለ ተዋናዮቹ ሠርግና ሀብት ብዙ ጽፏል፤ ለነዚህ ታሪኮች አንድ ዓምድ ይስጣቸው። የዚያን ዕለት ለልጆቼ ሳወራላቸው ትንሿ "መስመሩን ባታልፍ ለማኙ ጦሙን ይደር ነበር?" አለችኝ። ከሲታ ብትጀምሩ እሷ ታነበዋለች።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ