ውሃ የተቀላቀለበት ቤንዚን ስለተሸጠልኝ የቀረበ ቅሬታ

ለነዳጅ ማደያው ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከማደያዎ የተቀዳልኝ ቤንዚን መኪናዬ ላይ ስላደረሰው ጉዳት

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ከማደያዎ በተቀዳልኝ ቤንዚን ውስጥ ውሃ ነበረበት። ይህን በግምት አይደለም የምለው። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ በደንብ ተመርምራለች፤ ናሙናውም በእጄ ነው። ማደያው ድረስ መጥቼ ለተቆጣጣሪው ስነግረው ግን «ወንድሜ፣ መኪናህ አርጅታ ነው፤ የኛ ቤንዚን ችግር የለበትም» ብሎ መለሰኝ። ናሙናውን ሳያይ፣ የማደያውን የቤንዚን ማከማቻ ታንከር ሳይለካ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከጉዳቱ ይልቅ ይህ መልስ ነው። ስለዚህ ችግሩ የመኪናዋ እንዳልሆነ እንዴት እንደታወቀ በዝርዝር ላስረዳዎት።

መኪናዋ ማደያው ስትገባ ምንም አልነበረባትም። ሙሉ አስሞልቼ ወጣሁ። ብዙም ሳልርቅ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነዳጅ ስሰጠው አይጎትትም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ሊጠፋ ይደርሳል። የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራትም ብልጭ ድርግም አለ። ይህ መብራት ሳይቋረጥ ሲበራ አንድ ነገር ነው። ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚነድበት የሞተር ክፍል) ውስጥ ሳይነድ የቀረ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው ማለት ነው። ዳር ይዤ አቆምኩና አስጎትቼ ጋራዥ አስገባኋት።

መካኒኩ በኮምፒውተር ሲያያት የወጣው ኮድ ፒ 0300 ነው። የማያቃጥለው አንድ የታወቀ ሲሊንደር አይደለም፤ አንዴ ይሄኛው፣ አንዴ ያኛው ነው ማለት ነው። ችግሩ የአንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ወይም የአንድ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የዚያን ሲሊንደር ቁጥር የያዘ ኮድ ነው። ለምሳሌ ሁለተኛው ከሆነ ፒ 0302። ሁሉም ከተረበሹ ግን ሁሉም የሚጋሩት ነገር መፈተሽ አለበት።

መካኒኩ ቤንዚኑ ላይ ለመፍረድ አልቸኮለም። ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ አየ። ቦቢናዎቹን ፈተሸ። አየር የሚያሾልክ ቦታ እንዳለ ፈለገ። የነዳጁን ግፊት በጌጅ ለካ፤ ልክ ነበር። ነገሩ የጠራው እዚህ ጋ ነው። ፓምፑ በትክክለኛው ግፊት እየገፋ ከሆነ፣ የሚገፋው ምንድን ነው?

ከሞተሩ የነዳጅ መስመር ላይ በጠርሙስ ቀዳ። ትንሽ ቆይቶ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ጥርት ያለ ሌላ ፈሳሽ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የምግብ ቀለም ጠብ ሲያደርግበት ቀለሙ ቤንዚኑን አልፎ ወረደና የታችኛውን ብቻ አቀለመ። ናፍጣም ተቀላቅሎ እንደሆነ ለማየት ከላይኛው ፈሳሽ ወረቀት ላይ አንጠባጠበ። ሲደርቅ የቅባት ምልክት አልቀረም። ስለዚህ ናፍጣ ተሸጠልኝ አልልም። የተሸጠልኝ ውሃ ነው።

ከዚያ ሰልባትዮው (የመኪናዋ ነዳጅ መያዣ) ተራግፎ ታጠበ፣ መስመሩ ተጠረገ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ከሌላ ማደያ ቤንዚን ተሞላ። ካንዴላዎቹና ቦቢናዎቹ እነዚያው ተመለሱ። ሞተሩ ተነሳ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ኮዱም ከተሰረዘ በኋላ አልተመለሰም። አርጅታለች የተባለችው መኪና ያቺው ናት።

ተቆጣጣሪው «ከዚሁ ፓምፕ ሌላውም ሰው ቀድቷል፤ ማንም ቅሬታ አላመጣም» ብሎኝ ነበር። ይህን በደንብ ልመልስ፤ ምክንያቱም ሌላም ደንበኛ በዚሁ ቃል እንዲመለስ አልፈልግም። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ720 እስከ 775 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ታንከር ውስጥ ሲገኙ ውሃው ታች ይተኛል። ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ነው። ውሃው ከዚያ በታች እስካለ ድረስ ጠዋት የቀዳ ሰው ንጹህ ቤንዚን ይዞ ይሄዳል። ውሃው ከፍ ሲል ወይም ሲናወጥ ቀጥሎ የተሰለፈው ሰው ላይ ይወድቃል። እኔ ስቀዳ ቦቴ ቆሞ ነዳጅ እየገለበጠ ነበር። ከቦቴ በኃይል የሚወርድ ቤንዚን ከታች የተኛውን ውሃና ቆሻሻ ያነሳሳዋል። ስለዚህ እስኪረጋ ድረስ ከዚያ ታንከር መቅዳት መቆም ነበረበት። ወረፋው ግን አልቆመም። ቀጂዎቹን አልወቅስም፤ አቁሙ ያላቸው አልነበረም።

ውሃው ከመኪናዋ ሰልባትዮ እርጥበት የመጣ ነው የሚባልም ካለ፣ በእርጥበት የሚጠራቀመው ጠብታ ነው። ጠርሙሱን ያየ ሰው ይህን አይልም።

ውሃው ከየት እንደገባ ማጣራት የእርስዎ ኃላፊነት ነው። የመሙያው ክዳን በደንብ ካልገጠመ የዝናብ ውሃ ይገባል። ታንከሩ ወይም ቱቦው ከተበላ ከመሬት ውስጥ ይሰርጋል። ከቦቴውም ጋር ሊመጣ ይችላል። ቤንዚኑ ኢታኖል (ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ አልኮል) ያለበት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ ድረስ አዋህዶ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይለያል፤ ከላይ የቀረውም ቤንዚን ኦክቴኑ (ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይነድ የሚያደርገው አቅሙ) ይወርዳል። ለማወቅ ግን ላቦራቶሪ እንኳ አያስፈልግም። በመለኪያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይረው ቅባት ይቀባል፤ ዘንጉ የታንከሩን ወለል እስኪነካ ይገባል። ኢታኖል ካለበት ለእሱ የተሠራው ቅባት ይወሰዳል። የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ታንከሩ ተለክቶ ንጹህ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ከእሱ መሸጥ እንዲቆም ነው። ይህ የእኔ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ዳገት ላይ ከኋላው ከባድ መኪና እየተከተለው ሞተር የሚጠፋበት ሰው ሊኖር ይችላል። በሽተኛ የጫነ ሰው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም የዚያን ቀን የታንከር ልኬት መዝገብና የቦቴው ርክክብ ሰነድ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በዚያን ቀን ከዚያ ፓምፕ የቀዱ ሰዎችም እንዲያውቁት ማደያው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍ።

የወጪውን በተመለከተ፣ የማስጎተቻ፣ የማራገፊያና ማጠቢያ፣ የፊልትሮ፣ የእጅ ዋጋና የተደፋው ቤንዚን ክፍያ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። ደረሰኞቹ ተያይዘዋል። አንድ ያልተዘጋ ነገርም አለ። ያልነደደ ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭሱን መርዛማነት የሚቀንሰው እቃ) ውስጥ ገብቶ ሲነድ ከልክ በላይ ያግለዋል። ይህ ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል። እቃው ውድ ነው። ስለዚህ በዚህ ቤንዚን ምክንያት መበላሸቱ በምርመራ ከተረጋገጠ ድርጅትዎ እንደሚተካ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።

ናሙናው በታሸገ ጠርሙስ ተቀምጧል። ግማሹን ለእርስዎ አስረክባለሁ፤ ግማሹ እኔ ጋ ይቆያል። እርስዎ በመረጡት ገለልተኛ ላቦራቶሪ ቢመረመር እስማማለሁ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ከነአባሪው ለሚመለከተው የነዳጅ ተቆጣጣሪ አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢው ደንበኛ

አባሪ፦ የቤንዚን መግዣ ደረሰኝ፣ የጋራዥ የምርመራ ወረቀትና ደረሰኞች፣ የናሙናው ፎቶግራፍ