ለክረምቱ የምግብ ድጋፍ፦ ቅዳሜ እንገናኝ

ውድ የእድራችን አባላት፣

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ የተማሪዎቹ ቁርስና ምሳም አብሮ ይቆማል። አምና ሐምሌ ላይ ከድንኳን ማስቀመጫችን ደጃፍ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዳቦ ሲካፈሉ፣ ታናሹ የመዳፉን ፍርፋሪ ሲለቅም ያየን አለን። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ለ14 ቤተሰቦች በየ15 ቀኑ አስቤዛ ለማድረስ አስበናል።

የምንሰበሰበው የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእድሩ አዳራሽ ነው። የቻላችሁ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት ወይም ሩዝ ይዛችሁ ኑ። ነሐሴ 1 የፍልሰታ ጾም ስለሚገባ ቅቤ ይቅር። ጤፍ በጥሬው አታምጡ፤ አምና የሰጠነው፣ ማስፈጫ ገንዘብና ማገዶ በሌለበት ቤት ሳምንታት ተቀምጧል (ጥፋቱ የእኛ ነበር፣ አስቀድመን አልጠየቅንም)። በምትኩ ገንዘብ ብታዋጡ እንጀራውን ከሰፈራችን ጋጋሪ እናቶች እንገዛለን፤ ብሩም እዚሁ ይዞራል።

ቅዳሜ የምንወስነው አንድ ጉዳይ አለ፦ ተረጂዎች ተሰልፈው ይቀበሉ ወይስ በየቤታቸው ይድረሳቸው? እኔ በየቤታቸው ባይ ነኝ። ሰልፉን ፈርተው የሚቀሩ አሉ፤ በተለይ አዛውንቶች። ፎቶግራፍ ግን በምንም መንገድ አይነሳም።

የምትመጡም የማትመጡም፣ ምን እንደምታዋጡ ጠቅሳችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ። መኪና ያላችሁም አሳውቁኝ።

የእድሩ ጸሐፊ