ሦስተኛ ባትሪ ልገዛ ስል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁ ጅማ ሲደርስ ከፊት ገጽ እስከ መጨረሻው ማስታወቂያ ድረስ ነው የማነበው፣ ግን ስለ ሞተር ሳይክል የምትጽፉት ወይ ሰው ሲጋጭ ነው ወይ ሞተር ሲሰረቅ። ዛሬ እኔ ስለ ባትሪ ልጻፍላችሁ። አትሳቁ፣ በሞተር ሠርቶ ለሚያድር ሰው ባትሪ ቀላል ወጪ አይደለም እኮ፣ እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ገዝቼ ለሦስተኛው ብር ቆጥሬ ኪሴ ከትቼ ነበር፣ ለካ ሁለቱም ጊዜ ባትሪው ምንም አልሆነም።

ሥራዬ ገጠር ለገጠር ነው፣ አንድ ቀን ሰቃ፣ አንድ ቀን ሰርቦ፣ የቡና ጊዜ ሲሆን እስከ አጋሮ። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ሰውም ሞተርም ሳይደርቅ ነው የሚከርመው። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ስታርተሩን ስጫን ቀጭ አለና ዝም። በፔዳል ስመታት ተነሳች። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ልጁ ከተቀመጠበት ሳይነሳ "ባትሪ ነው ጋሼ፣ ቀይረው" አለኝ። ቀየርኩ። ሁለት ወር ከምናምን ሠራችና ያው ቀጭ። ተመልሼ ስሄድ "ፎርጅድ ሸጠውህ ነው" ተባልኩ፣ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፣ እሱም እንደዛው።

ሦስተኛው ጊዜ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እዛ ያየሁት ነገር ነው በዋናነት ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ሜካኒኩ ሞተሩን አስነሳና እየሠራ እያለ የባትሪውን ሽቦ ነቀለው፣ "ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል ማለት ነው" ብሎ ደግሞ ጋዝ ሰጠ። ሞተሩ አልጠፋም፣ የኋላ መብራቴና የቆጣሪው አምፖል ግን እዛው ፊቴ ተቃጠሉ። ባትሪ እኮ ጉልበት ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም፣ ከጀነሬተሩ የሚመጣውን ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ውጦ የሚያረጋጋው እሱ ነው፣ ሲነቀል ያ ሁሉ በቀጥታ አምፖሉና ሲዲአዩ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ሳጥን) ላይ ነው የሚያርፈው። ደግሞ ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ካንዴላቸው እሳት የሚያገኘው ጀነሬተሩ ውስጥ ካለው ከራሱ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) እንጂ ከባትሪው ስላልሆነ፣ ባትሪ ተነቅሎ ሞተሩ አለመጥፋቱ ስለ ቻርጅ ምንም አይነግርህም። ይሄን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር፣ "እሺ ባትሪው ነው" ብዬ ነው የወጣሁት።

ያዳነኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል የሚማር ልጅ ነው፣ እሁድ ለቡና ቤት መጥቶ ሳጫውተው "አጎቴ ለክተኸዋል?" አለኝ። በምን ልለካው? ቢጫ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከቦርሳው አወጣ። ቴስተር ማለት እኮ ብርቅ ነገር አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ፣ ርካሹም ለዚህ ሥራ ይበቃል።

መጀመሪያ ቁልፍ ዘግቶ ባትሪውን ለካው፣ 12.1 ቮልት። ስታርተር ስጫን ወደ 8 ወረደ። እዚህ ላይ እኔ "አየህ፣ ሞቷል" አልኩት፣ እሱ ግን ነቅሎ ቤት ቻርጀር ላይ አሳደረው፣ በነጋታው አሳርፎ ሲለካው 12.7 ነው፣ ስታርተር ሲጫን ከ10 በታች አልወረደም። ባትሪው ጤነኛ ነው፣ የራበው ነው። አያያዙን እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳኝ፦ 12 ቮልት የምንለው የሊድ (የእርሳስ) ባትሪ ውስጡ ስድስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ነው፣ ስድስቱ ሲደመር 12.6 እና ከዛ ትንሽ ከፍ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አርፎ ሲለካ 10.5 አካባቢ ላይ ከቆመ አንዱ ክፍል ሞቷል፣ ያኔ ቀይረው፣ ምንም ክርክር የለውም። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ 12 ከሆነ ባዶ ሊሆን ነው። ልክ ከቻርጀር እንደወጣ ግን አትለካ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይዋሻል፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ሊድ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በፈረንጆቹ 1859 ነው፣ ያን ያህል ዘመን የቆየ ነገር እኛ ጋ እስካሁን በጆሮ ነው የሚመረመረው።

ከዛ ሞተሩን አስነስቶ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጎ ጋዝ ስጥ አለኝ። ጤነኛ ሞተር ጋዝ ሲሰጠው ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። የእኔ 12.4 ላይ ተቸክሎ ቀረ። በቃ፣ ባትሪው አይደለም፣ የሚያበላው የለም። ከ15 በላይ ቢያሳይ ደግሞ ሬጉሌተሩ (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ተበላሽቷል ማለት ነበር፣ እሱ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አሲዱ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል።

ቀጥሎ ከጀነሬተሩ የሚመጡትን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ከሶኬቱ ነቀለ። በሁለት በሁለቱ መሀል ኦም (ሽቦው ለኤሌክትሪክ ያለውን እንቅፋት) ለካ፣ ሦስቱም እኩል፣ ከ1 ኦም በታች። ከቢጫው ወደ ሞተሩ አካል ሲለካ ምንም ግንኙነት የለም፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት፣ ከማሳ (ከሞተሩ አካል) ጋር ከተገናኘ ኮይሉ ተቃጥሏል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ቴስተሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) አዙሮ ሦስቱንም ለካ፣ ጋዝ ሲሰጥ እኩል ነው የሚወጡት። ኮይሉ ደህና። ታዲያ የት ነው? የሬጉሌተሩን ሶኬት ሲከፍት ሽታው ቀድሞ ወጣ። አንዱ ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ቡናማ ሆኗል። ውሃ ገብቶ፣ ዝጎ፣ ግንኙነቱ ሲደክም ግሎ፣ ሲግል ይበልጥ ደክሞ። ሶኬቱ ያለው ጭቃ የሚረጭበት ቦታ ላይ ነው፣ ማን እንዳሰበው እንጃ። አዲስ ሶኬት ቀጥሎ ትንሽ ግሪስ ቀባውና አስነሳነው፣ 14.2። ሶኬቱ ከአንድ ምሳ አይበልጥም፣ እኔ ሁለት ባትሪ ከፍያለሁ።

ቴስተር የሌለው ሰው ምን ያድርግ ካላችሁ፣ ቁልፍ ከፍቶ የፊት መብራት አብርቶ ስታርተር ይጫን። መብራቱ ድርግም ካለ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ የባትሪው ጫፍ ላልቷል፣ መጀመሪያ ብሎኑን አጥብቁት፣ ስንት ሰው በላላ ብሎን ባትሪ ገዝቷል። መብራቱ ሳይደክም ቀጭ ብቻ ካለ ሪሌው (ለስታርተሩ ኃይል የሚያሳልፈው ማብሪያ) ወይ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ራሱ ስታርተሩ) ነው። ቀጭም ካላለ ፊውዝ፣ የማጥፊያው ቁልፍ፣ የፍሪሲዮን ወይ የኒውትራል ስዊች ተመልከቱ (እኔ ራሴ አንዴ ማጥፊያውን ዘግቼ ግማሽ ቀን ስለፋ ውያለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም ነበር)። አንዳንድ ሞተር ግን የፊት መብራቱ ሞተሩ ሳይነሳ አይበራም፣ እሱን በክላክስና በፍሬቻ ሞክሩት።

ጓደኛዬ ደግሞ የእሱ ሌላ ነው፣ ማታ ደህና ያቆማታል ጠዋት ሞታ ያገኛታል። የማሳውን (የኔጌቲቩን) ሽቦ ከባትሪው ፈታንና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገን በሽቦውና በባትሪው መሀል አስገባነው፣ ቁልፍ ዝግ ሆኖ። ሰዓት ምናምን ያለው ሞተር ጥቂት ሚሊ አምፔር ቢጎትት ችግር የለውም፣ የእሱ ግን ከዛ በጣም በላይ ነው የሚጎትተው። ፊውዝ አንድ በአንድ ብንነቅል ቁጥሩ አልወረደም፣ ምክንያቱም ያስገጠመው አላርምና የስልክ ቻርጀር በቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የታሰሩት፣ በናስትሮ ተጠቅልለው። አላርሙ ከሌባ ሲጠብቅለት ባትሪውን ራሱ ሲሰርቅ ያድራል። ስትለኩ ግን ቴስተሩ መሀል ላይ እያለ ስታርተር እንዳትጫኑ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል። ባትሪ ስትፈቱ መጀመሪያ ማሳው፣ ስታስሩ መጨረሻ ማሳው።

ሌላ የማየው ነገር፣ ፊውዝ ሲቃጠል ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን የሚያብረቀርቅ የብረት ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፣ ወረቀቱ ሲገባ ተራው የሽቦው ይሆናል፣ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው ከቤንዚን ጋኑ ስር ነው። ባትሪ ውሃ ሲጎድል የቧንቧ ውሃ የሚጨምርም አለ፣ ያ ውሃ ማዕድን አለበት፣ ባትሪው ውስጥ ያሉትን የሊድ ሳህኖች ይጎዳል፣ የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው የሚጨመረው። ደረጃውን ለማየት ክብሪት የጫረ ሰውም አይቻለሁ፣ ቻርጅ ሲሆን የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፣ ዓይኑ ስለተረፈ ተመስገን ነው የምንለው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለጋራዥ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ቢያንስ አንድ ቴስተር እንዲኖር ለምን እንደማይጠይቅ ጠይቁልን። ልጆቹን አልወቅስም፣ ያሳያቸው የለም፣ ደንበኛውም "ለክተህ ንገረኝ" አይልም። የሞቱት ባትሪዎች የት እንደሚገቡም አጣሩ፣ ውስጣቸው ሊድና አሲድ ነው፣ እኔ አሲዱን ቦይ ውስጥ ሲደፉት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቦዩ ደግሞ መጨረሻው ወንዝ ነው። ሁለተኛ፣ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች፣ አርፎ 12.6፣ ስታርተር ሲጫን ከ10 እንዳይወርድ፣ ጋዝ ሲሰጥ ከ13.5 እስከ 14.5፣ በትንሽ ሳጥን አድርጋችሁ ብታወጡልን ቆርጬ እነዛ ሁለቱ ጋራዦች በር ላይ እለጥፈዋለሁ። የተቃጠሉብኝ ሁለቱ አምፖሎች እስካሁን አልተቀየሩም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሞተረኛ፣ ከጅማ